«ክሎሪን ጨምረን ለምን ታመምን?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከድሬዳዋ ዙሪያ፣ ከሽንሌ መንገድ፣ ከኤረርና ከባቢሌ በኩል የመጡ ናቸው። ሁሉም በየፊናቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን በግመል ጭኖ ሣርና ውሃ እየተከተለ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር እንዴት አድርጎ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ? ለከተማ ቤት የሚጻፈው ምክር (ፊልተር ግዙ፣ ሮቶ ስቀሉ፣ ሽንት ቤቱን በብሎኬት አሠሩ) እዚህ አይሠራም። መልሳችንን በጀሪካን፣ በማንኪያና በዶማ ልክ ለማድረግ ሞክረናል።

ጥያቄ፦ በሽንሌ በኩል በተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አብሬያቸው ያለሁት ቤተሰቦች የሚቀዱት ከኩሬ ነው። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰጠችንን ኪኒን እንጨምርበታለን፤ ልጆቹን ግን ተቅማጡ አልለቀቃቸውም። ኪኒኑ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ኪኒኑ ይሠራል፤ ጉልበቱን የሚጨርስበት ግን ጭቃው ነው። ክሎሪን ተሐዋስያንን ብቻ መርጦ አይመታም። መጀመሪያ ያገኘውን የሣር ብስባሽ፣ ፋንድያና አፈር እያቃጠለ ያልቅና ለበሽታው ሲደርስ አቅም ያጣል። 67 ሚሊግራም የሚለው የአኳታብስ ኪኒን ለ20 ሊትር የተሠራው ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ብሎ ነው። እናንተ የምትቀዱት ደግሞ ከብቶች ገብተው የቆሙበትን ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኪኒኑ ሳይሆን ከማታው ነው። ሁለት ጀሪካን ያዘጋጁ፤ አንዱ የመቅጃ፣ ሌላው የመጠጫ ይሁንና ምልክት ይደረግባቸው፤ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር ይበቃል። በመቅጃው የመጣው ውሃ ሌሊቱን ሳይነካ ይደር። ጠዋት ጀሪካኑን ሳይንጡ ቀስ ብለው እያዘነበሉ፣ አራት ጊዜ በታጠፈ አቡጀዲ አድርገው ወደ መጠጫው ያጥልሉት። ነጠላ ሽመናው ስስ ስለሆነ ለዚህ ብዙ አይመችም፤ ሌላ ከሌለ ስምንት እጥፍ አድርጉት። ጨርቁ ሁልጊዜ በአንድ ወገኑ ብቻ ይዋል፤ ከተገለበጠ ትናንት የያዘውን ዛሬ ወደ ውሃው ይመልሳል። ከታች የሚቀረው ሦስትና አራት ሊትር ለፍየሎቹ ይሁን፣ አትሳሱለት።

አሁን ኪኒኑ። ውሃው ከጠራ አንድ፣ ገና ደመና ደመና ካለ ሁለት። ክዳኑን ገጥመው ይነቅንቁና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ ልጁ ከጥበቃ እየጠማው ስለሚመጣ በአምስተኛው ደቂቃ ይቀዳለታል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ክዳኑ ሲከፈት ስስ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ምንም ከሌለ ክሎሪኑ ተበልቶ አልቋል፤ አንድ ተጨምሮ ሌላ 30 ደቂቃ ይጠበቅ።

ሌሊቱን አድሮም ያልጠራ ከሆነ ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ሳምንት ቢቀመጥም አይረጋም። ለዚህ አርጊ መድኃኒት ያለበት ዱቄት ያስፈልጋል። ፑር የሚባለው ከረጢት ለ10 ሊትር ነው፤ ባልዲ ውስጥ ጨምረው 5 ደቂቃ በኃይል ያማስሉ፣ 5 ደቂቃ ያቁሙት፣ በአቡጀዲ አጥልለው ወደ ሌላ ዕቃ ያዙሩት፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄትም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሊትሩ መጠን ግን እንደ ከረጢቱ ስለሚለያይ ጽሑፉን ማንበብ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ክሎሪንም ስላለ ከዚያ በላይ ኪኒን አይጨመርም። ዝቃጩ ልጅም እንስሳም በማይደርስበት ጉድጓድ ይደፋ።

አንድ ነገር እንጨምር። የግልገልና የጥጃ ፋንድያ ውስጥ የሚገኝ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሐዋስ አለ፤ በዚህ መጠን የሚጨመር ክሎሪን አይገድለውም። የሚገድለው ማፍላት ነው። ነገር ግን 1 ሊትር ለማፍላት 1 ኪሎ ገደማ እንጨት ይነዳል፤ በእናንተ አገር ለሁሉም ሰው አፍሉ ማለት ግራሩን ጨርሱት ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሚሰጠውን ብቻ ያፍሉ፤ እንደተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነኝ፣ 10,000 ሊትር። ከድሬ ሞልቼ በአይሻ መንገድ ብርካ (መሬት ውስጥ የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ) ውስጥ እገለብጣለሁ። ክሎሪን ስንት ልጨምር? ቦቴው ላይ ነው ወይስ ብርካው ላይ? ሽማግሌዎቹ ሽታውን አይወዱትም፣ «ግመል አይጠጣውም» ይሉኛል። ደግሞ አንቱ አትበሉኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ።

መልስ፦ እሺ፣ አንተ እንልሃለን። ቦቴው ላይ ጨምር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለጥሩ ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን እንፈልጋለን። በ10,000 ሊትር ሲባዛ 20 ግራም ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ኤች ቲ ኤች የሚባለው የክሎሪን ዱቄት ግን 65 በመቶው ብቻ ነው ክሎሪን፤ ስለዚህ 31 ግራም ዱቄት ትጨምራለህ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። ማንኪያ ግን ሰው በሰው ይለያያልና አንድ ጊዜ ቅመም ቤት ሚዛን ላይ አስመዝነህ፣ ልኩን በአንድ ትንሽ ቆርቆሮ ላይ በምስማር ጭረህ ያዝ።

ዱቄቱን እንደመጣ ቦቴው ውስጥ አትበትነው። በፕላስቲክ ባልዲ 10 ሊትር ውሃ አድርግና ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አይደለም። በእንጨት አማስለህ 15 ደቂቃ ተወው። ነጩ ኖራ ከታች ይቀራል፤ የጠራውን ብቻ ቦቴው ግማሽ ሲሞላ ጨምርና ሙላ። መንገዱ ያማስልልሃል፤ በዚያ መንገድ ላይ ማማሰያ አትቸገርም። ስትደርስ በመጀመሪያው ባልዲ የቀረውን ክሎሪን ለካ። መለኪያዋ ኪኒን ሲገባባት ውሃውን ሮዝ የምታደርገዋ ትንሽ ሳጥን ናት፤ በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ከሆነ መልካም ነው። ከ0.5 በታች ካሳየህ ቦቴው ውስጥ ክሎሪኑን የሚበላ ቆሻሻ አለ፤ ለጊዜው ወደ 45 ግራም ከፍ አድርግ፣ ቅዳሜ ግን ውስጡ ይታጠብ።

ብርካው ላይ መጨመር ለምን እንደማይረባ ደግሞ ይኸው። ክዳን የሌለው ብርካ ላይ የቀኑ ፀሐይ ክሎሪኑን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያጠፋዋል፤ የተረፈውን ወለሉ ላይ የተኛው ደለል ይበላዋል። ዛሬ የጣልከው ነገ ጠዋት የለም። ከዚያ ይልቅ ብርካው አፍ ላይ አንድ ሰው ሲሪንጅ ይዞ ይቀመጥ። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ግራም ኤች ቲ ኤች ሲሟሟ አንድ በመቶ የሆነ ፈሳሽ ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ 20 ሊትር ጀሪካን ከዚህ 4 ሚሊ ሊትር፣ ውሃው ድፍርስ ከሆነ 8 ሚሊ ሊትር ይገባል። ጀሪካኑ ወዲያው ይከደናል፤ ቤት እስኪደርስ 30 ደቂቃው አልፏል። ፈሳሹ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ጥላ ላይ ይቀመጥ፤ በሙቀቱ አቅሙ ስለሚወርድ በየሳምንቱ አዲስ ይበጠበጥ።

ስለ ሽታው ሽማግሌዎቹ ውሸት አላሉም፣ አዲስ ሆኖባቸው ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ ቢገለበጥ ሽታው ይቀንሳል፤ ሻይ ሲፈላበት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ግመሉንም ይህ መጠን አይጎዳውም። ይሁንና ለግመል ክሎሪን ማባከን ምን አመጣው? የእንስሳቱ ድርሻ ሳይጨመርበት ወደ ገንዳ ይሂድ።

ይህን ግን አደራ፦ ኤች ቲ ኤች ከናፍታ፣ ከሞተር ዘይት ወይም ከፍሬን ዘይት ጋር ሲነካካ ክብሪት ሳይለኮስ ራሱ ሊነድ ይችላል። ጋቢና ውስጥ ከዘይት ጋር አታስቀምጠው። ነዳጅ ሲያመላልስ የኖረ ቦቴም ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው። «ሃይላንድ በውሃ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ውሃ ያጣራል» ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ አያጣራም፤ ጀርሞቹን ግን ይገድላል። ሁለቱ ይለያያሉ። ድፍርሱ ድፍርስ ሆኖ፣ ጨዋማውም ጨዋማ ሆኖ ይቀራል።

ጠርሙሱ ቀለም የሌለው፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥና ብዙ ያልተጫጫረ ይሁን፤ ወረቀቱ ይላጥ። ሦስት አራተኛ ሞልተው 20 ሰከንድ ይነቅንቁት፣ ከዚያ ጢም አድርገው ሞልተው ይክደኑ። ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ ላይ በጎኑ ይተኛ፣ አይቁም። ጠራራ ከሆነ ለ6 ሰዓት፤ ሰማዩ ከግማሽ በላይ በደመና የተሸፈነ ከሆነ ለሁለት ሙሉ ቀን። ዝናብ እየዘነበ አይሠራም። ውሃው መጥራቱን ለማወቅ የተሞላውን ጠርሙስ ጋዜጣ ላይ አቁመው በአፉ በኩል ወደ ታች ይመልከቱ፤ ርዕሱ ከተነበበ ይበቃል፣ ካልተነበበ መጀመሪያ ይርጋ።

ለድሬ ቆላ ይህ ዘዴ የተፈጠረለት ይመስላል፤ ለሐረር ክረምት ግን ብዙ አይታመንም። ለሚጓዝ ቤተሰብ ትልቁ ጥቅሙ ውሃው እዚያው በጸዳበት ጠርሙስ መጠጣቱ ነው፤ እጅም ኩባያም አይገባበትም። እረኛው ልጅ ትናንት ፀሐይ የጠገበውን ዛሬ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ጥንድ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት፣ በተራ ሲሆን አራት ጠርሙስ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በኤረር አካባቢ የአንድ የውሃ ኮሚቴ አባል ነኝ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለን፤ ሰውም ግመልም ከብትም የሚጠጣው ከእሱ ነው። በዝናብ መጀመሪያ ሁልጊዜ በሽታ ይነሣል። እንስሳቱን እናርቅ ብንል ሰዉ ይጣላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «ከብት አርቁ» ተብሎ የተሳካ ቦታ አላየንም። ጉድጓዱን ለከብቱ ብሎ የቆፈረ ሰው ከብቱን አያርቅም። የሚቻለው የከብቱን አፍ ከጉድጓዱ ማራቅ ነው፤ እሱም ገንዳ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት ገንዳውን ማሳነስ ነው። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። ሠላሳ ግመል መጣ ማለት 3,000 ሊትር ነው። ባለ 10 ሊትር ባልዲ በደቂቃ አራት ጊዜ ቢወጣ 40 ሊትር ነው፤ ሁሉን ለማጠጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገንዳው የተቆረጠ በርሜል ከሆነ በሁለት ግመል ያልቅና የቀሩት ገፍተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆማሉ። እዚያው ይሸናሉ፣ እዚያው ይጥላሉ፣ ገመዱም ፋንድያው ላይ ተጎትቶ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 50፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ 800 ሊትር ይይዛል፤ ስምንት ግመል አንድ ላይ ይጠጣበታል። እንስሳቱ ከመድረሳቸው በፊት ይሞላ። ከጉድጓዱ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን፤ ውሃው በቦይ ወይም በቱቦ ይሂድለት። ጉድጓዱ ዙሪያ የእሾህ አጥር ተደርጎ የሰው መግቢያ ብቻ ይተውለት።

ከዚያ የጉድጓዱ አፍ። ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ግድግዳ፤ ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ 1 ሜትር ተኩል ሲሚንቶ፤ የፈሰሰውን የሚያርቅ ቦይ፤ ክዳን። ባልዲውና ገመዱ የጉድጓዱ ብቻ ይሁኑና መስቀያ ይደረግላቸው። ሁሉም የየራሱን ባልዲ የሚከት ከሆነ የሁሉንም ቤት ተቅማጥ አንድ ቦታ ማጠራቀም ነው።

በዝናብ መጀመሪያ የሚነሣው በሽታ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጋውን ሙሉ ሜዳ ላይ የደረቀው ዓይነ ምድርና ፋንድያ በመጀመሪያው ጎርፍ ታጥቦ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ሶማሊኛ ተናጋሪዎች ከረን የሚሉት የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሲሚንቶው የተሰነጠቀበት ይደፈን፣ ቦዩ ይጠረግ። ጎርፍ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠብ፦

የውሃውን መጠን ለማወቅ የጉድጓዱን ወርድ ግማሽ በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ፣ በውሃው ጥልቀት አባዙ። ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ውሃው 3 ሜትር ከሆነ 0.6 በ0.6፣ በ3.14፣ በ3 ሲባዛ 3.4 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 3,400 ሊትር ነው። በሊትር 50 ሚሊግራም ስንፈልግ 170 ግራም ክሎሪን፣ ባለ 65 በመቶው ዱቄት ከሆነ 260 ግራም ይገባል። መጀመሪያ ድፍርሱ ተቀድቶ ይውጣ፣ ደለሉ ይጠረግ። አዲስ ውሃ ሲሞላ 260 ግራሙን በስድስት ባልዲ አካፍለው በማሟሟት ግድግዳውን ጭምር እያጠቡ ያፍስሱ። ለ12 ሰዓት ማንም አይቅዳ። ከዚያ ኃይለኛው ሽታ እስኪጠፋ እየቀዱ ይድፉ፤ ገንዳው ውስጥ ግን አይደለም። ይህ የአንድ ጊዜ እጥበት ነው። በማግሥቱ የቆሸሸ ባልዲ ከገባ ሁሉም ከንቱ ነው፤ የየቀኑ ክሎሪን አሁንም ጀሪካን ላይ ነው።

ደለል ሊጠርግ የሚወርድ ሰው ወገቡ በገመድ ይታሰር፣ ከላይ ሁለት ሰው ይያዘው። የሞተር ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ አይነሣ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። ሻማ ወይም ኩራዝ አብርተው አስቀድመው ያውርዱ፤ ከጠፋ ማንም አይግባ። ባይጠፋም ደኅና ነው ማለት አይደለምና ገመዱ አይፈታ። የወረደው ከወደቀ ሌላው ሊያወጣው ዘሎ አይውረድ፤ በገመዱ ይሳቡት። አንዱን ለማውጣት ገብተው ሁለትና ሦስት ሆነው የቀሩ ብዙ ናቸው።

ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ለምትቆፍሩትም ያው ነው፤ የሰው ጉድጓድ በወንዙ ላይኛው በኩል፣ የእንስሳቱ ቢያንስ 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ይሁን። የመጀመሪያው ውሃ ተቀድቶ ይደፋ፤ ከዚያ የሚመነጨው በአሸዋው የተጣራ ነው። ግን ወንዙ ውስጥ ጎጆ አይተከል፣ ጀሪካንም አይደር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ድሬ ላይ ያደረሰውን የማያስታውስ የለም፤ ጎርፉ የመጣው ላይ አገር ከዘነበ ዝናብ ነበር።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፍሬ ሳልጨርስ ቤተሰቡ ይነሣል። ሪፖርት ላይ «ሽንት ቤት የሌለው» ብዬ ስጽፍ ዓመት ሞላኝ። እውነት ለእነዚህ ሰዎች ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ ቅጹን የሠራው ሰው ሁሉም ሰው ግድግዳ አለው ብሎ ነው የሠራው። ለአንቺ ሥራ ዋናው የቆይታቸው ርዝመት ነው።

ለአንድና ለሦስት ቀን ከሆነ እንደ ድመት መቅበር ይበቃል። እያንዳንዱ ሰው 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍሮ ይጠቀምና አፈሩን ይመልስበታል። ትንሽ ዶማ ከማንቆርቆሪያው ጋር አንድ ላይ ታስሮ ይቀመጥ፤ ለኢስቲንጃ (ከተጸዳዱ በኋላ ለመታጠብ) ውሃ ይዞ የሚወጣ ሰው ዶማውንም ሳያስበው ይይዛል። ለብቻው «ዶማ ያዙ» የሚለው ምክር ግን ሲረሳ ነው ያየነው። ቦታው ከውሃ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከሰፈሩ ቁልቁል ይሁን፣ ከጎርፍ መውረጃ ይውጣ።

ከሁለት ሳምንት እስከ ስድስት ሳምንት ለሚቆይ ቤተሰብ ቦይ ይቆፈር። ወርዱ 30 ሳንቲሜትር (ሰው ግራና ቀኝ ረግጦ የሚቀመጥበት ልክ ነው)፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር። አሸዋማ መሬት ላይ ከዚህ አይለፍ፣ ይናዳል። የወጣው አፈር በጎን ተቆልሎ ይቀመጥና ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ሁለት እፍኝ ይጨመርበት፤ ዝንብ የሚያስቀረው ይኸው ነው። ከላይ 30 ሳንቲሜትር ሲቀረው ይደፈን፣ እንደ መቃብር ከፍ ይደረግ፣ እሾህ ይጫንበት። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ከሆነ የጉድጓዱ ወለል ከውሃው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል መራቅ ስላለበት ቦታ ይቀየር። ለሴቶች ከለላው ከጉድጓዱ በላይ ዋጋ አለው፤ ሸራ ወይም ምንጣፍ በሦስት እንጨት ካልተጋረደ ጨለማ እየጠበቁ ሩቅ ይሄዳሉ፣ ጉድጓዱም ባዶውን ይቀራል።

የሕፃን ዓይነ ምድር «ንጹሕ ነው» የሚል እምነት በሁሉም ዘንድ አለ፤ በከተማም ጭምር። ከአዋቂው አያንስም፣ ብዙ ጊዜም ይብሳል። እሱም ተዝቆ እዚያው ይግባ።

እጅ ለመታጠብ የሃይላንድ ክዳን በጋለ ምስማር ሦስት ቦታ ይበሳና ተገልብጦ ይንጠልጠል፤ 1 ሊትር ውሃ ለአሥር ሰው ይሆናል። ሳሙና ካለቀ የተነፋ አመድ ይተካዋል። ውሃ እጅግ በጠበበበት ሰሞን ሁለት ጊዜ ብቻ አስረግጪ፦ ከተጸዳዱ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት።

ጥያቄ፦ ልጅ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስኪደርስ ምን ይሰጥ? (ከባቢሌ)

መልስ፦ መንገዱን አሁኑኑ ጀምሩ፤ እየሄዳችሁም አጠጡት። አንድ ኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በሁለት ኩባያ ካሳነሱት ጨዉ ይበረታና ይጎዳዋል። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም በልኩ የተሰፈረ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥ። 24 ሰዓት ያለፈው ብጥብጥ ይደፋ። ዚንክ ካለ ከስድስት ወር በላይ ላለው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊግራም ለ10 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨረስ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ፣ ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሊያስፈልገው ይችላል፤ በቤት አይጠበቅም። ዓይነ ምድሩ የሩዝ ውሃ ከመሰለና በቀየው ከአንድ ሰው በላይ ከታመመ ለጤና ጣቢያው ይነገር፤ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል አተት የተስፋፋው በድርቁ ወቅት፣ ሰው በጥቂት ውሃ ዙሪያ ሲሰበሰብ ነበር።

አጫጭር

*ታይዋን ገበያ የገዛሁት ጀሪካን ዘይት ዘይት ይላል፣ ይታጠባል?* የምግብ ዘይት ከሆነ አዎ። አንድ እፍኝ ጠጠር ያለው አሸዋ፣ 2 ሊትር ሙቅ ውሃና ሳሙና ጨምረው ለሦስት ደቂቃ ይናጡት፤ ጥጉ ላይ ያለውን የሚያነሣው አሸዋው ነው። ካለቀለቁ በኋላ 1 ሊትር ውሃ በአንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርገው 30 ደቂቃ እያገላበጡ ያቆዩ። በየሳምንቱ ይደገም። ፀረ ተባይ ወይም ናፍታ የነበረበት ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ራሱ ጠጥቶታል፤ ይበሳና ይጣል። በረኪናውም ሽቶ የሌለውና ስም የተጻፈበት ይሁን፤ በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጠው መጠኑ አይታወቅም።

*የሽፈራው ዱቄት ውሃ ያጠራል?* ፍሬው ያጠራል፤ ገበያ ላይ ያለው ግን የቅጠል ዱቄት ነው፣ ያ አይሠራም። ለድፍርስ ውሃ በሊትር አንድ ፍሬ ያህል ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ በትንሽ ውሃ ተበጥብጦና ተጠልሎ ይጨመራል፤ ቀስ ብሎ 10 ደቂቃ ከተማሰለ በኋላ ሁለት ሰዓት ይረጋል። አይገድልም፣ ያረጋል እንጂ፤ ክሎሪኑ ይከተል። ውሃውም በዚያው ቀን ይለቅ፣ ካደረ ይሸታል።

*ጮጮ በወይራ እንደሚታጠን ጀሪካንስ?* የወተት ዕቃ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፤ ጭሱና ሙቀቱ ጀርም ይቀንሳሉ። ጀሪካን ግን ይቀልጣል። ደግሞም ማጠን ዕቃውን ነው እንጂ ወተቱን አያጸዳም፤ ለልጆች ወተቱ ይፍላ።

*ከኩሬ የጠጣ ልጅ ጉሮሮው ውስጥ አልቅት ገባ።* በጣት ወይም በወረንጦ አትጎትቱት፤ ሲበጠስ አፉ ተጣብቆ ይቀርና ደሙ አይቆምም፣ ወደ አየር ቧንቧም ሊወርድ ይችላል። ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ዘንበል እንዳለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለወደፊቱ ከኩሬ በአፍ ተደፍቶ መጠጣት ይቅር፤ አራት እጥፍ አቡጀዲ አልቅትን በቀላሉ ያስቀራል፣ ለእረኛውም ቁራጩ አንገቱ ላይ ይታሰርለት።